ሥልጣንን በሥልጣን ስለ መግታት፤ «ፌዴራሊስት» በተባለው መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሒስ

የአንድን አገር መንግሥት አቋም ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሕገ መንግሥቱን ብቻ ቢያነብ የቤቱን ግድግዳና ጣሪያ ያያል እንጂ መሠረቱን አያይም። መሠረቱን ለማየት፣ ቤቱን የሠሩት ሰዎች ከመሥራታቸው በፊት ምን እንደ ፈሩ፣ ምን እንደ ተመኙ፣ ስለ ሰው ልጅ ጠባይስ ምን ዐይነት አሳብ እንደ ነበራቸው መመርመር ያስፈልጋል። ስለ አሜሪካ መንግሥት ይህን ምርመራ ለማድረግ ለሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርብለት መጽሐፍ «ፌዴራሊስት» የተባለው ነው። የዚህ መጽሐፍ ስም ብዙ ጊዜ ይጠራል፤ ሲወደስም ይሰማል፤ ነገር ግን ከሚያወድሱት መካከል እስከ መጨረሻው ያነበቡት ጥቂቶች ሳይሆኑ አይቀሩም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልናደርግ ያሰብነው፣ መጽሐፉ በምን ምክንያት እንደ ተጻፈ፣ ዋና አሳቡ ምን እንደ ሆነ፣ በየትኛው ስፍራ እንደ በረታና በየትኛው እንደ ደከመ ለአንባቢያን ለማስረዳት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ የእኛ መሆኑን ካላመለከትን በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በሰሜን አሜሪካ የነበሩት 13 የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ጁላይ 4 ቀን 1776 ዓ.ም. የነጻነታቸውን ዐዋጅ አወጡ። ቶማስ ጀፈርሰን ያረቀቀው ይህ ዐዋጅ የመንግሥት ሥልጣን ምንጩ የሕዝቡ ፈቃድ መሆኑንና ማንም ሰው ከሌላው በላይ ሆኖ አለመወለዱን የሚያስተምር ነው። አሳቡ ግን በአሜሪካ ምድር ብቻ የበቀለ አልነበረም። ከዚያ በፊት በ1689 ዓ.ም. የታተሙት የእንግሊዛዊው የጆን ሎክ ሁለት ድርሰቶች፣ ሰዎች መንግሥትን ያቆሙት ሕይወታቸውን፣ ነጻነታቸውንና ንብረታቸውን እንዲጠብቅላቸው መሆኑን፣ ይህን አደራ ያፈረሰ መንግሥትም ሊሻር እንደሚገባው አስተምረው ነበር። በ1215 ዓ.ም. የእንግሊዝ መኳንንት ንጉሣቸውን ዮሐንስን አስገድደው በማኅተም ያስጸደቁት «ማግና ካርታ» የተባለው ሰነድ፣ በ1689 ዓ.ም. በዚያው አገር የወጣው የመብት ዐዋጅ፣ እንዲሁም ፈረንሳዊው ሞንተስኪዩ በ1748 ዓ.ም. ስለ ሕጎች መንፈስ የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ለአሜሪካኖች እንደ ትምህርት ቤት ነበሩ። ሥልጣን ሁሉ በአንድ እጅ ከተሰበሰበ ነጻነት እንደሚጠፋ፣ ሕግ አውጪው፣ ሕግ አስፈጻሚውና ፈራጁ እንዲለያዩ የሚያስፈልገውም ስለዚህ እንደ ሆነ ከሞንተስኪዩ ተማሩ።

ነገር ግን ነጻነትን ማወጅ አንድ ነገር ነው፤ መንግሥትን ማቆም ሌላ ነገር ነው። ግዛቶቹ በመጀመሪያ ያደረጉትና ከ1781 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የኅብረት ውል እጅግ የላላ ነበር። የኅብረቱ ምክር ቤት ጦርነት ለማወጅ ሥልጣን ሲኖረው የጦር ሠራዊቱን የሚከፍልበት ግብር ለመጣል ሥልጣን አልነበረውም፤ ገንዘብ ሲያስፈልገው ግዛቶቹን ይለምን ነበር፤ ግዛቶቹም ሲፈልጉ ይሰጡታል፣ ሳይፈልጉ ይነሡታል። ውሉን ለማሻሻል ደግሞ 13ቱም መስማማት ነበረባቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአገራችን ተረት ለእነርሱ በተገላቢጦሽ ደረሰባቸው፤ ድሮቹ ነበሩ፣ ማበሩ ግን አልነበረም። በ1786 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ግዛት በዕዳና በግብር የተጨነቁ ገበሬዎች በዳንኤል ሼይስ መሪነት በተነሡ ጊዜ፣ ኅብረቱ ሁከቱን ለማብረድ የሚያስችል ኀይል እንደሌለው ለሁሉም ተገለጠ። ስለዚህ በ1787 ዓ.ም. ከሜይ ወር እስከ ሴፕቴምበር 17 ቀን በፊላደልፊያ ከተማ 55 መልእክተኞች በጆርጅ ዋሽንግተን ሰብሳቢነት መክረው አዲሱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ከእነዚህም 39ኙ ፈረሙ። ሮድ አይላንድ የተባለችው ግዛት ግን መልእክተኛ እንኳ አልላከችም።

ረቂቁ ሕግ የሚሆነው ከ13ቱ ግዛቶች 9ኙ ሲያጸድቁት ነበርና ክርክሩ ወደ ሕዝብ ወረደ። በኒው ዮርክ ተቃዋሚው ብዙ ነበር። በዚህ ጊዜ አሌክሳንደር ሃሚልተን፣ ጄምስ ማዲሰንና ጆን ጄይ የተባሉ ሦስት ሰዎች ተማክረው ሕገ መንግሥቱን የሚደግፉ ጽሑፎችን በጋዜጣ ላይ ያወጡ ጀመር። የመጀመሪያው ኦክቶበር 27 ቀን 1787 ዓ.ም. ወጣ። ሦስቱም የተሰወሩበት የብዕር ስም «ፑብሊየስ» የሚል ሲሆን፣ ይህም የሮማ ነገሥታት ከተባረሩ በኋላ የሪፐብሊኩን መንግሥት ለማቆም የረዳውን ፑብሊየስ ቫሌሪየስን የሚያስታውስ ነው። ጽሑፎቹ በጠቅላላው 85 ናቸው፤ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ 51ዱን ለሃሚልተን፣ 29ኙን ለማዲሰን፣ 5ቱን በሕመም ምክንያት ብዙ መጻፍ ላልቻለው ለጄይ ይሰጣሉ። በ1788 ዓ.ም. በሁለት ቅጽ ተሰብስበው ታተሙ።

እንግዲህ ወደ ሒሱ እንግባ። በመጀመሪያ ስለ አጻጻፉ ስንናገር፣ ይህ መጽሐፍ መጽሐፍ ይሆናል ተብሎ የተጻፈ አይደለም። አንዳንድ ሳምንት እስከ አራት ጽሑፍ ድረስ ይወጣ ስለ ነበር፣ የአታሚውን ጥድፊያ የሚያሳዩ ስፍራዎች ብዙ ናቸው። አንድ አሳብ በአንዱ ጽሑፍ ከተነገረ በኋላ በሌላው ይደገማል፤ ከ15ኛው እስከ 22ኛው ድረስ ያሉት ጽሑፎች የአሮጌውን ኅብረት ጉድለት ደጋግመው ሲቈጥሩ አንባቢው መሰልቸቱ አይቀርም። ዓረፍተ ነገሮቹም የረዘሙና የከበዱ ናቸው። ከዚህም በላይ ጸሓፊዎቹ ፈላስፎች ብቻ ሳይሆኑ ጠበቆች መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም፤ ጠበቃ ደግሞ የደንበኛውን ነገር የሚያበላሸውን ማስረጃ ፈልጎ አያመጣም። ይህን ሁሉ ከተናገርን በኋላ ግን አንድ ታላቅ ክብር እንሰጣቸዋለን፤ ተቃዋሚያቸውን ለማሸነፍ በዋነኛነት የመረጡት መሣሪያ ምክንያት ነው። በመጀመሪያው ጽሑፍ ሃሚልተን፣ ሰዎች አስበውና መርጠው መልካም መንግሥት ለማቆም ይችሉ እንደ ሆነ ወይም ዕጣቸውን ለአጋጣሚና ለጕልበት ትተው ለዘለዓለም ይኖሩ እንደ ሆነ የሚያሳስበውን ጥያቄ ለአንባቢው ያቀርባል። ይህን ጥያቄ ለጋዜጣ አንባቢ፣ ለነጋዴውና ለገበሬው ማቅረብ ራሱ የጥያቄው ግማሽ መልስ ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ከ85ቱ ጽሑፎች ሁሉ የላቀው በእኛ አስተያየት ማዲሰን የጻፈው 10ኛው ነው። ነገሩ ስለ ቡድን ነው። እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ችግር ገጠመን። ማዲሰን የሚናገርበትን ቃል «ወገን» ብለን ብንተረጕመው፣ ወገን በእኛ ቋንቋ የሚወደድ ቃል ነው፤ ሰው በችግር ጊዜ የሚጠራው ወገኑን ነው፤ ወገን የሌለውም ይታዘንለታል። ያው ቃል ጥቂት ተለውጦ «ወገንተኛ» ሲሆን ግን ስድብ ይሆናል። እኛ ስናስበው የማዲሰን ምርምር በሙሉ የሚገኘው በእነዚህ በሁለቱ ቃሎች መካከል ባለው ጠባብ ስፍራ ነው። ሰዎች በጥቅም፣ በእምነት፣ ይልቁንም በሀብት መበላለጥ ምክንያት በየወገኑ መሰለፋቸው ከተፈጥሯቸው የመጣ ነው። ይህን ለማጥፋት ነጻነትን ማጥፋት ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን መድኀኒቱ ከበሽታው የከፋ ይሆናል። ሰውን ሁሉ አንድ አሳብ እንዲያስብ ማድረግም አይቻልም። እንግዲያስ የሚቻለው፣ ምክንያቱን ትቶ ውጤቱን መግታት ብቻ ነው።

መግቻውስ ምንድን ነው? ማዲሰን ከዚህ ላይ መምህሩን ሞንተስኪዩን ይቃወማል። ሞንተስኪዩ ሪፐብሊክ በትንሽ አገር እንጂ በሰፊ አገር ሊጸና አይችልም ይል ነበር። ማዲሰን ግን ነገሩን ገለበጠው። በትንሽ አገር አንድ ወገን በቀላሉ አብላጫውን ይዞ የቀረውን ይጨቍናል፤ በሰፊ አገር ግን ወገኖች ስለሚበዙ አንዱ ብቻውን ገዥ ለመሆን ይቸገራል፤ ከሌላው ጋር መስማማትና መቻቻል ግዴታ ይሆንበታል። ስለዚህ የወገን ብዛት፣ ሌሎች እንደ በሽታ የቈጠሩት፣ በእርሱ ዘንድ መድኀኒት ሆነ። ይህ በፖለቲካ ፍልስፍና ታሪክ ውስጥ እውነተኛ አዲስ አሳብ ነው።

ሁለተኛው ታላቅ አሳብ በ51ኛው ጽሑፍ ይገኛል። ማዲሰን ሰዎች መላእክት አለመሆናቸውን አምኖ ይነሣል። የእኛም አባቶች ይህን ያውቁ ነበር፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት ስለ ሹም ጠባይ የሚናገረው ከማዲሰን ያነሰ አይደለም። ልዩነቱ ግን ተረቱ ጠባዩን ነግሮ ሲያበቃ ማዲሰን ከዚያ መጀመሩ ነው። ሹም የበለጠ ሥልጣን መመኘቱ ካልቀረ፣ የአንዱን ሹም ምኞት በሌላው ሹም ምኞት መግታት ይገባል ይላል። ፕሬዚዳንቱ የሕግ አውጪውን ውሳኔ ሊመልስ ይችላል፤ ሕግ አውጪውም በሁለት ምክር ቤቶች የተከፈለ ነው፤ ምክር ቤቶቹ ገንዘቡን ይፈቅዳሉ ወይም ይከለክላሉ፤ ዳኞቹም ዕድሜ ልካቸውን ስለሚሾሙ የማንንም ፊት አያዩም።

እኛ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምንሠራ ሰዎች ይህን አሳብ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ዕቃ እንዲገዛ የሚጠይቀው አንድ ሰው ነው፤ ግዢውን የሚፈቅደው ሌላ ነው፤ ዕቃውን በሞዴል 19 የሚረከበው ንብረት ያዥ ሌላ ነው፤ ገንዘቡን የሚከፍለው ገንዘብ ያዥም ሌላ ነው፤ ሒሳቡን የሚመረምረው ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው። ይህ ሥርዐት ሠራተኛው ሁሉ ሌባ ነው ብሎ የሚሰድብ አይደለም፤ ነገር ግን የአገር ንብረት በአንድ ሰው ጨዋነት ላይ ብቻ እንዲንጠለጠል አይፈቅድም። የማዲሰንም አሳብ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ስለ ዳኞች የተጻፈው የሃሚልተን 78ኛ ጽሑፍ ነው። ፍርድ ቤት ጦርም ገንዘብም በእጁ ስለሌለው ከሦስቱ የመንግሥት ክፍሎች ደካማው እርሱ ነው፤ ያለው ኀይል ፍርዱ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ሕግ ሲወጣ ዳኛው ሕገ መንግሥቱን ማስበለጥ አለበት ይላል። ይህ አሳብ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ በግልጽ አልተጻፈም፤ የጸናውም በ1803 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሊቀ መንበር ጆን ማርሻል ማርበሪና ማዲሰን በተከራከሩበት ነገር በሰጠው ፍርድ ነው። የአገራችን አንባቢ እዚህ ላይ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በእኛ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም ፌዴራላዊ ሲሆን፣ ሕገ መንግሥቱን የመተርጐም ሥልጣን የሰጠው ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ስለዚህ የፌዴራል መንግሥት ቅርጽ አንድ ብቻ አለመሆኑን፣ «የመጨረሻውን ቃል ማን ይናገር?» የሚለውን ጥያቄም አገሮች በየራሳቸው መንገድ እንደሚመልሱት ማወቅ ይገባል። ሃሚልተንን ማንበብ የሚጠቅመው የእርሱን መልስ ለመቅዳት ሳይሆን ጥያቄው ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለማወቅ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ እንመለስ። የመጀመሪያው ጉድለት በ84ኛው ጽሑፍ የሚታየው ነው። ተቃዋሚዎቹ ሕገ መንግሥቱ የሰው መብት ዝርዝር የለውም ብለው በጮኹ ጊዜ ሃሚልተን፣ ዝርዝሩ አያስፈልግም፤ እንዲያውም አደጋ ያመጣል ብሎ መለሰላቸው። መንግሥቱ ያልተሰጠውን ሥልጣን እንዳይሠራበት መከልከል ለምን ያስፈልጋል? የሚል ነበር ምክንያቱ። ብልኀት ያለው መልስ ነው፤ ግን ትክክለኛ መልስ አልነበረም። «ብሩተስ» በሚል የብዕር ስም በዚያው በኒው ዮርክ የጻፈው ተቃዋሚ፣ ለማእከላዊው መንግሥት የተሰጠው ሥልጣን ሰፊ ስለ ሆነ በሰፊው ይተረጐማል፣ ዳኞቹንም የሚያርማቸው አይገኝም ብሎ ነበር፤ ፍርሀቱም ባዶ ፍርሀት አልነበረም። በመጨረሻ ማዲሰን ራሱ በ1789 ዓ.ም. የመብቶችን ዝርዝር ለምክር ቤት አቀረበ፤ 10ሩ ማሻሻያዎችም ዲሴምበር 15 ቀን 1791 ዓ.ም. ጸደቁ። ዛሬ አሜሪካዊው ስለ ነጻነቱ ሲናገር አስቀድሞ የሚጠራው እነዚህን ነው። እንግዲህ ከመሠረቱ ድንጋዮች አንዱን ያቀረቡት በክርክሩ የተሸነፉት ሰዎች መሆናቸውን ታሪክ ይመሰክራል።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ እጅግ የከበደ ነው። በ1790 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በአሜሪካ ወደ 700,000 የሚጠጉ ባሮች ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ «ባርያ» የሚለውን ቃል አልጻፈም፤ ነገሩን ግን ጽፎታል፤ የምክር ቤት ወንበሮች ሲከፋፈሉ 5 ባሮች እንደ 3 ሰዎች እንዲቈጠሩ፣ የባርያ ንግድም እስከ 1808 ዓ.ም. ድረስ በምክር ቤት እንዳይከለከል አድርጓል። ማዲሰን በ54ኛው ጽሑፍ ይህን የ3/5 ቈጠራ ሲከላከል የሚያደርገውን ነገር አንባቢ ልብ ይበል። በራሱ አፍ አይናገርም፤ አንድ የደቡብ ሰው ቆሞ ሲናገር ያስመስላል፤ ሕግ ባርያውን በከፊል ሰው በከፊል ንብረት አድርጎ ያየዋል ያሰኘዋል፤ በመጨረሻም ክርክሩ ጥቂት የተጣመመ ቢመስልም እርሱን እንዳሳመነው ይገልጻል። ማዲሰን ራሱ የባሮች ጌታ ነበር። ጸሓፊ ቃሉን በሌላ ሰው አፍ ሲያኖር አንዳንድ ጊዜ ለጥበብ ነው፤ እዚህ ግን ለማፈር ይመስለናል። በ10ኛው ጽሑፍ አብላጫው አናሳውን እንዳይጨቍን ብዙ የደከመው አእምሮ፣ በዚያው ምድር ድምፅ ስለሌለው ሕዝብ ሲደርስ ዝም አለ። ወገኖች ሁሉ እርስ በርሳቸው ይገታታሉ የተባለው ሚዛን፣ ወደ ሚዛኑ እንዲወጣ ያልተፈቀደለትን ሰው ሊመዝን አይችልም።

የዚህ ዝምታ ዋጋ ምን እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በ1857 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድሬድ ስኮት በተባለው ሰው ነገር ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ። ከ1861 እስከ 1865 ዓ.ም. በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት ከ600,000 ሰው በላይ አለቀ። ከዚያም በኋላ በ1865 ዓ.ም. ባርነትን የሚሽረው 13ኛው ማሻሻያ፣ በ1868 ዓ.ም. የዜግነትንና በሕግ ፊት የእኩልነትን መብት የሚሰጠው 14ኛው፣ በ1870 ዓ.ም. ማንም በዘሩ ምክንያት የመምረጥ መብቱን እንዳይነፈግ የሚያዘው 15ኛው ጸደቁ። ይህም ቢሆን ወረቀቱ ወደ ሥራ እስኪለወጥ እስከ 1965 ዓ.ም. የምርጫ መብት ሕግ ድረስ ወደ አንድ መቶ ዓመት ፈጀ። ሴቶችም በመላው አገር የመምረጥ መብት ያገኙት በ1920 ዓ.ም. ነው።

ሦስተኛው ጉድለት ስለ ፓርቲ ነው። የ51ኛው ጽሑፍ አሳብ የሚጸናው እያንዳንዱ የመንግሥት ክፍል ለራሱ ሥልጣን የሚቀና ከሆነ ብቻ ነው። ፓርቲ ሲመጣ ግን ፕሬዚዳንቱና የምክር ቤቱ አብላጫ ከአንድ ፓርቲ የሆኑ እንደ ሆነ፣ ምክር ቤቱ ከራሱ ክብር ይልቅ ለፓርቲው ድል ሊያስብ ይችላል። ከላይ ወደ ጠቀስነው የመሥሪያ ቤት ምሳሌ እንመለስና፣ ፈቃጁ፣ ተረካቢውና ከፋዩ በአንድ ማዕድ የሚበሉ ከሆኑ ሦስት ፊርማ ቢኖርም የሚጠብቀው አንድም ሰው የለም። የሚገርመው ነገር ይህን ለማየት ጸሓፊዎቹ ብዙ ዘመን መቆየት አላስፈለጋቸውም። በ1790ዎቹ ዓመታት ሃሚልተንና ማዲሰን፣ በአንድ ስም ተሰውረው የጻፉት ሁለቱ ወዳጆች፣ የሁለት ተቃራኒ ፓርቲዎች ሰዎች ሆኑ። ሃሚልተን በ1804 ዓ.ም. ከፖለቲካ ተቃዋሚው ከአሮን በር ጋር በሽጉጥ ተጋጥሞ ሲሞት፣ ማዲሰን በ1809 ዓ.ም. አራተኛው ፕሬዚዳንት ሆነ።

እንግዲህ ፍርዳችን ምንድን ነው? ጽሑፎቹ በተጻፉበት በኒው ዮርክ እንኳ ጉባኤተኞቹ ሲመረጡ አብዛኞቹ ተቃዋሚዎች ነበሩ፤ ጁላይ 26 ቀን 1788 ዓ.ም. 30 ለ27 በሆነ ድምፅ ሕገ መንግሥቱ የጸደቀውም ሌሎች 10 ግዛቶች ቀድመው ካጸደቁት በኋላ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ክርክሩን ብቻውን አሸነፈ ለማለት አንደፍርም። ጥቅሙ ከዚያ ወዲህ ለመጣው አንባቢ ነው። ባርያ ሆኖ ተወልዶ ያመለጠውና ታላቅ ተናጋሪ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ በመጀመሪያ ሕገ መንግሥቱን የባርያ ጌቶች ውል ነው ብሎ ይንቀው ነበር፤ በኋላ ግን መርምሮ አሳቡን ለወጠና ሰነዱን ለነጻነት መከራከሪያ አደረገው። ይህ ሰው ሚዛኑን የሠሩት ሰዎች ሊያስቡለት ያልፈለጉት ሰው ነበር፤ ነገር ግን ሚዛኑ የማን እንደ ሆነ ከእነርሱ ይልቅ ያወቀው እርሱ ይመስለናል።

መጽሐፉን ለአንባቢያን የምናመሰግነው ስለዚህ ነው። የሚያነብ ሰው 10ኛውን፣ 51ኛውንና 78ኛውን አንብቦ እንዳያበቃ፣ 54ኛውንም አብሮ እንዲያነብ እንመክራለን። ከዚያም የብሩተስን ጽሑፎች ቢያገኝ ያንብብ። የመንግሥትን መሠረት ለማወቅ የገንቢዎቹን ቃል ብቻ መስማት አይበቃም፤ መሠረቱ ሲጣል «ይህ ድንጋይ ጐድሏል» ብለው የተናገሩትን፣ ለመናገርም ያልተፈቀደላቸውን ማስታወስ ያስፈልጋል። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን በአንድ ወረቀት ላይ ፊርማችንን ስናኖር፣ ያ ፊርማ የተፈለገው ከእኛ በፊት የፈረመውን ለመመርመር እንጂ ለማስደሰት አለመሆኑን ብናስብ፣ ከዚህ አሮጌ መጽሐፍ የሚገባንን ድርሻ ወስደናል ማለት ነው።